የዱቤ ደብተርና ያልተከፈተ ፖስታ

ጥር 2017 ዓ.ም ላይ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ አዲስ አበባ ገብቼ ታላቅ እህቴ ቤት ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዘይትና ሽንኩርት ልንገዛ ሰፈር ውስጥ ወዳለው ሱቅ አብረን ሄድን። ባለሱቁ ሽንኩርቱን መዝኖ ሲጨርስ ከመደርደሪያው ጥግ ጫፉ የተበላ ደብተር አወጣና «እትዬ፣ ልመዝግበው?» አላት። «መዝግበው፤ ደሞዝ ሲወጣ እንተሳሰባለን» አለችው። ልክፈል ብዬ እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ ክንዴን ያዝ አድርጋ በዓይኗ ከለከለችኝ። ከሱቁ ስንርቅ «አንተ ዛሬ ከፍለህልኝ ትሄዳለህ፤ እኔ ግን ከእሱ ጋር ነው የምኖረው» አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በምኖርበት አፓርታማ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ፣ ያልከፈትኳቸውን ፖስታዎች ትቼ ነበር የመጣሁት። ሁሉም ከክሬዲት ካርድ ድርጅቶች፣ በካርድ ከሚያበድሩት፣ የተላኩ ናቸው። የእህቴ አበዳሪ ስሟን ያውቃል፣ ልጆቿ እንዴት እንደሆኑ ይጠይቃታል፣ ወሩ ሲያልፍም ፊቱ ይጠቁርባታል። የእኔን አበዳሪ አይቼው አላውቅም። በማላውቀው ቁጥር ይደውላል፤ አላነሳም። ደብዳቤ ይልካል፤ አልከፍትም። ፎቅ ላይ ካሉት ጎረቤቶቼ አንዱም ስለዕዳዬ አያውቅም፤ ከእኔ በላይ ያለው ሰውዬ ምን ዕዳ እንዳለበትም እኔ አላውቅም።

ዕዳው በአንድ ቀን አልመጣም። የምተዳደረው ዲሲ ውስጥ ኡበር በመንዳት ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ወረርሽኙ መንገዱን ባዶ ሲያደርገው የመኪናውን ኢንሹራንስና የቤት ኪራዩን በካርድ ሸፈንኩ። ሥራው ትንሽ ሲነቃቃ እናታችን ቀዶ ሕክምና አስፈለጋት፤ እሺ አልኩ። ቀጥሎ የእህቴ ልጅ ሠርግ መጣ፤ እሱንም እሺ አልኩ። «ዘንድሮ እጅ አጥሮኛል» የምትለው አንዲት ዐረፍተ ነገር ከአፌ አልወጣ አለች። ከአሜሪካ የሚደውል ሰው እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበርና። ሲደመር 11,400 ዶላር ሆነ። ወለዱ በዓመት 24 በመቶ ነው፤ ለወለድ ብቻ በወር 228 ዶላር ማለት ነው። በየወሩ የሚጠየቀውን ትንሹን ክፍያ፣ 340 ዶላር፣ ለመክፈል እሑድን ጨምሬ ስሠራ ከዋናው ዕዳ የሚቀንሰው 112 ዶላር ብቻ ነበር። ይህን ሒሳብ የሠራሁት ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው መክፈሌንና አለማለቁን ብቻ ነበር።

አገር ቤት ያሉ ወገኖቼ የማያውቁትን ነገር እዚህ ላይ ልናገር። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ የሚባለው፣ በየዓመቱ በሚያደርገው የቤተሰብ ኑሮ ጥናት ሰዎችን «ድንገት 400 ዶላር የሚያስወጣ ነገር ቢገጥማችሁ በምን ትከፍላላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። በ2024 እ.ኤ.አ. ካለኝ ገንዘብ ወይም ዕዳውን ወዲያው ሙሉ በሙሉ በምከፍለው ካርድ እከፍላለሁ ያሉት ከመቶው 63 ናቸው። የቀሩት 37ቱ ይበደራሉ፣ ዕቃ ይሸጣሉ፣ ወይም ጭራሹን መክፈል አይችሉም። ዌስተርን ዩኒየን ቤት ወረፋ ይዞ ብር የሚልከው ወንድማችሁ ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል።

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ የሚያውቀው ነገር አለ። ማሰብም መጨነቅም ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ሐሳብ። «ሐሳብ ገብቶኛል»፣ «በሐሳብ አለቀች» እንላለን። በ2013 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት በህንድ ታሚል ናዱ ግዛት የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከአጨዳ በፊትና በኋላ ፈትኖ ነበር። ያው ሰው፣ ገንዘብ ባለቀበት ከአጨዳ በፊት ባለው ወቅት የአእምሮ ፈተናውን በባሰ ሁኔታ ይሠራል፤ ከአጨዳ በኋላ ይሻለዋል። ገበሬው በእነዚያ ወራት ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ቦታውን ሐሳብ ይዞበት ነው። ይህን ሳነብ መሪ ይዤ መታጠፊያ ያለፍኩባቸው ቀኖች፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ባንኜ ጣሪያ ያየሁባቸው ሌሊቶች፣ ልጄ ሁለት ጊዜ ጠርታኝ ያልሰማኋት ምሽት ትዝ አሉኝ። ጨጓራዬን ሐኪም ሁለት ጊዜ አይቶልኛል። ስለ ገንዘብ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

አገር ቤት ይሻላል ማለቴ ግን አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በቀናት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እኛ እዚህ ቡና ላይ ተቀምጠን «የምንልከው በረከተ» ስንባባል፣ እህቴ በዚያው ደሞዝ ወር ልታደርስ ትታገል ነበር። ባሏ የደም ግፊት ክኒኑን አንድ ቀን እየዘለለ እንደሚውጥ ያወቅኩት እዚያው ቤት አድሬ ነው፤ በስልክ ማንም አልነገረኝም። ጭንቀቱ ሲበረታበት ሐኪም አማክር ብለው «አማኑኤል ልትልከኝ ነው?» አለኝ። የአንድ ሆስፒታል ስም የእብደት መጠሪያ ሆኖ በቀረበት ከተማ፣ እንቅልፍ ያጣ የቤተሰብ አባወራ ለማን ይናገር? ጎረቤት ማወቁም ራሱ ሌላ ሸክም አለው። ዱቤው ሲቆይ ልጆቹ ሱቁን ላለማለፍ በሌላ መንገድ ዞረው ይሄዳሉ።

ያም ሆኖ አንድ ነገር አስቀናኝ። እህቴ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ጋር ዕቁብ ትጥላለች። እዚያ በሰነበትኩበት ወር ዕጣው ለአንዲት ሴት ወጣላት። ሌላዋ ግን ተነስታ ልጇ ከትምህርት ቤት በክፍያ ምክንያት ሊባረር እንደሆነ በሁሉም ፊት ተናገረችና ተራውን ለመነች። ዕጣ የደረሳት ሴት ለቀቀችላት፤ ዋስ የሚሆን ሰውም እዚያው ተገኘ። ጉዳዩ ከአሥር ደቂቃ በላይ አልፈጀም። ዕቁብ ዲሲም አለ፤ እኔም ገብቼበት መኪናዬን የገዛሁት በሱ ነው። ግን እዚህ ገንዘባችንን እንጂ ችግራችንን ይዘን አንመጣም። ዕጣው ሲወጣ ደስ ብሎን እንሄዳለን። ባለፈው ዓመት በወር 2,000 ዶላር እየጣለ ማታ መኪናው ውስጥ የሚያድር ሰው በመካከላችን እንደነበረ የሰማነው ከተማውን ለቆ ከሄደ በኋላ ነው። አብረን ስንት ጊዜ ቡና ጠጥተናል! ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከመመለሴ በፊት ባለው ማታ ለእህቴ ነገርኳት። ቁጥሩን ከነሳንቲሙ። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ለሠርጉ ለምን ላክህ?» አለችኝ፤ ከዚያ አለቀሰች። እኔ የፈራሁት ትንቀኛለች ብዬ ነበር። እሷም የራሷን ነገረችኝ፤ የዱቤውን፣ ከባልንጀራዋ የተበደረችውን፣ የባሏን ክኒን። ለስንት ዓመት «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ስንባባል ሁለታችንም ደህና አልነበርንም።

ሲልቨር ስፕሪንግ እንደደረስኩ መሳቢያውን ከፍቼ ፖስታዎቹን አንድ በአንድ ቀደድኳቸው። ለትርፍ ያልቆመ የዕዳ አማካሪ ድርጅት ጋ ደወልኩ። አማካሪዋ ከካርድ ድርጅቶቹ ጋር ተነጋግራ ወለዱን ወደ 8 በመቶ አስወረደችልኝ፤ ካርዶቹ ተዘጉ፤ ያንኑ 340 ዶላር በወር አንድ ጊዜ እከፍላለሁ። እንዲህ ያለው ውል ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይወስዳል። «ዕዳህን በግማሽ እናስቀርልሃለን» እያሉ የሚደውሉትን ግን እንዳትሰሟቸው። ዕዳውን ሳያቃልሉ በቅድሚያ ክፍያ መጠየቅን የአገሩ ሕግ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለስልክ ሻጮቹ ከልክሏል፤ አስቀድሞ ገንዘብ የጠየቃችሁ ካለ ስልኩን ዝጉበት። ሐሳቡ በርትቶ ነፍስን እስከመጥላት ያደረሰው ሰው ካለ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ 988 የሚባለው የእርዳታ ስልክ ቀንም ሌሊትም ይነሳል። እኔ አንድ ሌሊት ቁጥሩን ጽፌ ሳልደውል ቀርቻለሁ። መደወል ነበረብኝ።

ለእናታችን በየወሩ የምልከውን አላቆምኩም፤ ቀነስኩት፤ ለምን እንደቀነስኩም ነገርኳት። «ልጄ፣ አንተ ብቻ እንቅልፍህን ተኛ» አለችኝ። እህቴ ደግሞ በየእሑዱ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ስንት ደረሰ?» ብላ ነው። የሱቁ ዱቤ ስንት እንደደረሰ እኔም እጠይቃታለሁ። ስድስተኛውን ክፍያ ከከፈልኩ በኋላ የእኔ 9,789 ዶላር ነበር። እሷ የባሏን ክኒን የወሩን ሙሉ ገዝታለች።