ልጄ ኳስ ይችላል፤ ማን አይቶት?

ቨርጂኒያ ያለኸው ወንድሜ፣ ዳላስ ያለሽው አክስቴ፣ ደውላችሁ ገና ሰላምታው ሳያልቅ "ስኮላርሺፑ ምን ደረሰ?" የምትሉኝ ሁሉ፣ የዛሬው ጽሑፍ ለእናንተ ነው። የትኛው ስኮላርሺፕ? "ኳስ ከቻለ አሜሪካ ኮሌጅ በነፃ ነው" የሚለውን ወሬ ማን እንደጀመረው ባውቅ ቤቱ ድረስ ሄጄ ደህና አድርጌ እጨቃጨቀው ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

መጀመሪያ የት እንደምኖር ላስታውሳችሁ፤ የረሳችሁት ይመስለኛል። ምዕራብ ካንሳስ ነኝ። ስንዴ፣ በቆሎ፣ ከብት ማድለቢያ፣ ነፋስ። ዊቺታ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይነዳል። ዴንቨር አምስት፣ ካንሳስ ሲቲ ስድስት። እዚህ ያመጣን የስጋ ፋብሪካው ነው። ሜክሲኮውን፣ ጓቲማላውን፣ ሶማሌውን፣ በርማውን፣ እኛንም ሀበሾቹን። የሁላችንም ልጆች ደግሞ ኳስ ነው የሚጫወቱት። የሃይስኩሉን ቡድን መጥታችሁ ብታዩ ትገረማላችሁ። ሜዳ ውስጥ ስፓኒሽ አለ፣ ሶማሊኛ አለ፣ አልፎ አልፎ የኔ ልጅ አማርኛ አለ። እንግሊዝኛ የሚሰማው ዳኛው ላይ ሲጮሁ ነው።

ኳሱ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ስለ ልጄ ብቻ አይደለም የማወራው። ዘጠኝ ቁጥሩ ጓቲማላዊ ልጅ አለ፣ ጀርባውን ለተከላካይ ሰጥቶ ሲዞር እኔ ወንበሬ ላይ እነሳለሁ። በረኛው የሶማሌ ልጅ ነው፣ ቁመቱን ብታዩት። እነዚህን ልጆች ሰሜን ቨርጂኒያ ብትወስዷቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ስማቸው በየክለቡ ይጠራል። እዚህ ግን የሚያያቸው ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከሥራ የወጣ አባት ነው። ያውም አንደኛ ሺፍት ከሆነ። ሁለተኛ ሺፍት የሚሠሩት እናቶች ልጆቻቸው ሲጫወቱ አይተው አያውቁም። ዓርብ ማታ ከተማው ነቅሎ የሚወጣው ለአሜሪካኑ ፉትቦል ነው፣ በእጅ ለሚይዙት፣ ለባለ ሄልሜቱ።

አሁን ወደ ብሶቴ ልግባ። ወንድሜ ሁልጊዜ "የኮሌጅ አሰልጣኝ ለምን አይመጣም?" ይለኛል። እንዴት ይመጣል? እዚህ ካንሳስ የወንዶች ሃይስኩል ኳስ በመኸር ነው፤ ኦገስት መጨረሻ ይጀምርና ኖቬምበር መግቢያ ላይ ያልቃል። የኮሌጁ ውድድር መቼ ነው? እሱም ያው ከኦገስት እስከ ኖቬምበር። ሰውየው የራሱን ቡድን ይዞ ሜዳ ላይ ነው። ልጄ ጎል ሲያገባ እሱም የሆነ ቦታ ዳኛ ላይ እየጮኸ ነው። ነፃ የሚሆነው የሃይስኩሉ ወቅት ካለቀ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚሄደው የክለብ ሾውኬዝ ወደሚባለው ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ሜዳ በሜዳ ነው፤ ልጆቹ በመቶ ይቆጠራሉ። አሰልጣኞቹ ታጣፊ ወንበር ይዘው፣ ስም ዝርዝር ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በአንድ ቅዳሜና እሁድ የዓመቱን ሥራ ይጨርሳሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አንድ ልጅ ለማየት ስድስት ሰዓት አልነዳም።

"ታዲያ ክለብ አስገባዋ!" አለች አክስቴ። እሺ፣ አስገባሁት እንበል። ትልቁ የወጣቶች ሊግ ኤምኤልኤስ ኔክስት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ ኳስ ፌዴሬሽን የራሱን አካዳሚ ሊግ ሲዘጋ በቦታው የተተካ ነው። ሌላው ኢሲኤንኤል ነው። ሁለቱም ያሉት በአብዛኛው ትልልቅ ከተማ ውስጥ ነው። ልምምዱ በሳምንት ብዙ ቀን ነው። ስድስት ሰዓት ነድቼ፣ ልምምድ አስቀምጬው፣ ስድስት ሰዓት ነድቼ ልመለስና ንጋት ላይ ፋብሪካ ቢላዬን ላንሳ? ወይስ ልጁን ለማላውቀው ሰው ቤት ልስጠው? የሚገርመው ደግሞ ኤምኤልኤስ ኔክስት ውስጥ በላይኛው እርከን ያሉት ልጆች አብዛኞቹ ለሃይስኩላቸው አይጫወቱም። ስለዚህ የኮሌጁ አሰልጣኝ ሃይስኩል ኳስ የሚያይበት ምክንያት ከዓመት ዓመት ይቀንሳል። ጥሩዎቹ እዚያ ናቸው ይላል። የኛዎቹ የት እንዳሉ ማን ነገረው?

መካከለኛ ክለብም አለ፣ ዊቺታ። እሱን ሞክረናል። ቅዳሜ ሌሊት ተነስተን፣ ልጁ የኋላ ወንበር ላይ ተኝቶ፣ እኔ ቡና በቴርሞስ ይዤ። የክለቡ መዋጮ ሌላ፣ ማሊያው ሌላ፣ የውድድር መመዝገቢያው ሌላ፣ ነዳጁ ሌላ፣ ሞቴሉ ሌላ። የሞቴሉ ነገር ደግሞ! አንዳንድ ውድድር ላይ "ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ካለው ሆቴል ካላደራችሁ መጫወት አትችሉም" ይላሉ። ዘመድ ቤት ማደር ክልክል ነው እንዴ? ዊቺታ ያለችው የባለቤቴ ጓደኛ ዶሮ ወጥ ሠርታ እየጠበቀችን እኛ ለሞቴል ከፍለን ቀዝቃዛ ዋፍል በላን።

ቪዲዮውንም ልንገራችሁ። በከተማ ክለቦች ምሰሶ ላይ የሚሰቀል ካሜራ አላቸው፣ ኳሷን ራሱ እየተከተለ ይቀርጻል። የኛ ካሜራ ታናሽ እህቱ ናት፣ በስልኳ። የምዕራብ ካንሳስን ነፋስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ነፋስ ብቻ ነው፣ ልጄ ጎል ሊያገባ ሲል አንድ ወፍራም ሰውዬ ከፊት ይቆማል። ይሄን ቆራርጠን ለአሰልጣኞች ላክን። የመለሰልን ሰው ጥቂት ነው፤ እነሱንም እግዜር ይስጣቸው።

ጁን 15ን አልረሳውም። ደንቡ እንዲህ ነው፤ 10ኛ ክፍል በጨረሰበት ዓመት ከጁን 15 ጀምሮ የዲቪዥን ዋን፣ ማለትም የከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ፣ አሰልጣኝ ለልጁ በግል መጻፍና መደወል ይችላል። ልጄ ይሄን ያውቃል። እኩለ ሌሊት ድረስ ስልኩን አቅፎ ቁጭ አለ። እኔም አልተኛሁም፣ የተኛሁ መስዬ እንጂ። ጠዋት ላይ አንድ ኢሜይል ገባ። "በችሎታህ ተደንቀናል፣ ወደ ካምፓችን ተጋብዘሃል!" ልጁ ጮኸ፣ እናቱ እልል አለች። እኔ ወደ ታች ገፋ አድርጌ ሳነብ ዋጋው አለ። ለሁለት ቀን ብዙ መቶ ዶላር፤ መኝታና ምግብ ሳይጨምር።

ኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚያዘጋጁት ካምፕ በደንቡ መሠረት ለማንኛውም ሰው ክፍት መሆን አለበት። ዕድሜው ከፈቀደና ቦታ ካለ፣ የከፈለ ሁሉ ይገባል። የካምፕ ማስታወቂያ ደግሞ ከጁን 15 በፊትም መላክ ይችላሉ። ማለትም "ተጋብዘሃል" ያለችው ኢሜይል ከልጄ ጋር ለስንት ሺህ ልጅ እንደሄደች እግዜር ይወቅ። በእናቱ እልልታ ስለነገዱ ነው እኔ የተናደድኩት። ሽያጭ ከሆነ ሽያጭ ነው በሉ! የአሰልጣኙ ደሞዝ ከካምፑ ገቢ የሚደጎምበት ቦታም አለ ይሉኛል። ይደጎም፣ ግን የልጄን ስም እየጠራችሁ "አይተንሃል" አትበሉኝ፤ አላያችሁትም።

ከዚያ ደግሞ ማታ ማታ የሚደውሉት አሉ። "የምልመላ አማካሪ ነን፣ ልጅዎን ከኮሌጅ ጋር እናገናኛለን" የሚሉት። ድምፃቸው ሲጣፍጥ! መጨረሻ ላይ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ጠየቁኝ፣ "በወር በወርም ይሆናል" ብለው። የምትሸጡልኝ ልጄ ራሱ በነፃ የሚልከውን ኢሜይል ነው፣ ብዬ ዘጋሁት።

ቁጥሩን ደግሞ ስሙልኝ፣ በተለይ ወንድሜ። ለወንዶች ኳስ በዲቪዥን ዋን ለብዙ ዓመታት የአንድ ቡድን ጣሪያ 9.9 ስኮላርሺፕ ነበር። አስር እንኳን አልሞላም። ያን ለሠላሳ ልጅ ገደማ ቆራርሰው ያካፍሉታል፤ አንዱ ሩብ፣ አንዱ የመጽሐፍ፣ አንዱ ምንም። ፉትቦሉ ግን 85 ሙሉ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2025 የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ከተጫዋቾች ጋር በፍርድ ቤት ያደረገው ስምምነት ሲመጣ ስምምነቱን ለተቀበሉ ትምህርት ቤቶች ጣሪያው ተነሳና ቡድኑ በ28 ተጫዋች ተወሰነ። አሁን ለ28ቱም መስጠት ይችላሉ። ማን ሊሰጥ? ብሩ ወደ ፉትቦልና ቅርጫት ኳስ ነው የሚሮጠው። ዲቪዥን ሦስት የሚባሉት ደግሞ በስፖርት ስም አምስት ሳንቲም አይሰጡም፤ በውጤት ወይም በችግር ነው የሚረዱት።

ይሄ ሁሉ ሆኖ በካንሳስ ስቴት ውስጥ የዲቪዥን ዋን የወንዶች ኳስ ቡድን ያለው አንድም ዩኒቨርሲቲ የለም። አንድም! የካንሳስ ዩኒቨርሲቲና ካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን አላቸው፣ የወንዶች የላቸውም። ታናሽ እህቱ ይሄን ካወቀች ጀምሮ እየሳቀችበት ነው፤ እኔም ሳልደብቅ ተስፋዬን ወደ እሷ እያዞርኩ ነው። እና ደግሞ በቴሌቪዥን ካንሳስ ሲቲ የ2026 የዓለም ዋንጫ አዘጋጅ ከተማ ናት፣ ኳስ አሜሪካን ወረሰ ይሉኛል። ይውረስ። እኛ ጋ ሲደርስ ቀስቅሱኝ።

ቦታው ደግሞ እየጠበበ ነው። የዛሬ አሰልጣኝ የ17 ዓመት ልጅ ይዞ ማሳደግ አይፈልግም። ትራንስፈር ፖርታል አለለት፣ ኮሌጅ መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች የሚመዘገቡበት፤ ሌላ ኮሌጅ ሁለት ዓመት የተጫወተ ልጅ ያነሳል። ወይ ከአውሮፓ የክለብ አካዳሚ የወጣ የ20 ዓመት ጎረምሳ ያመጣል። በውጭ ልጆች አልከፋም፤ እኔም መጤ ነኝ፣ ሰው ዕድሉን ቢፈልግ ምን አጠፋ? ግን የሚያናድደው ሌላ ነው። ከጀርመን በቪዲዮ ብቻ ልጅ የሚያመጣ ኮሌጅ፣ በራሱ ስቴት ሦስት ሰዓት ነድቶ የኛን ልጆች ማየት ያቅተዋል? እዚሁ ገጠር ያሉት የሁለት ዓመት ኮሌጆች እንኳን አንዳንዶቹ ቡድናቸውን ከውቅያኖስ ማዶ ሞልተው፣ አጥር ጥግ ላለው ልጅ "ሞክር" ይሉታል።

ስለ ወረቀቱ ደግሞ ማንም አልነገረንም። ዲቪዥን ዋን ለመጫወት 16 ኮር ኮርስ፣ ማለትም በደንቡ የሚቆጠር ዋና ትምህርት፣ ያስፈልጋል። ከእነዚህ 10ሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው፣ ከ10ሩም 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ መሆን አለባቸው። አማካይ ውጤቱ ከ2.3 ማነስ የለበትም። ደከም ላሉ ልጆች ተብሎ የሚሰጠው ክፍል አይቆጠርም። የኛ ልጅ 9ኛ ክፍል ላይ "እንግሊዝኛው ገና ነው" ተብሎ የተመደበበት የሒሳብ ክፍል ከማይቆጠሩት አንዱ ሆኖ ተገኘ። ልጁ እኮ ሒሳብ ያውቃል! የትምህርት ቤቱን አማካሪ፣ ካውንስለሯን፣ አልወቅስም፣ የስንት ልጅ ፋይል ጠረጴዛዋ ላይ ተቆልሏል። የሃይስኩሉ አሰልጣኝም ደግ ሰው ነው፤ ታሪክ ያስተምራል፣ በብርዱ ወቅት ትግል ያሰለጥናል፣ አውቶብሱንም የሚነዳበት ጊዜ አለ። ግን አንድም የኮሌጅ አሰልጣኝ ስልክ የለውም። በከተማ ክለብ ለዚህ ሥራ ብቻ የተቀጠረ ሰው አለ።

እንዲያው ፍትሃዊ ልሁን። ሄይስ ከተማ ላይ ፎርት ሄይስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ዲቪዥን ቱ ነው፣ የወንዶች ቡድን አለው። መሀል ካንሳስ ላይ ኤንኤአይኤ የሚባለው ማኅበር ውስጥ ያሉ ትንንሽ የግል ኮሌጆችም አሉ። ኳስ ያጫውታሉ፣ ጥቂትም ይሰጣሉ። ክፍያቸው ግን ከባድ ስለሆነ ከተሰጠው ላይ የሚቀረው ዕዳ ነው። ልጄን ቁጭ አድርጌ ሒሳቡን ሠራንለት። "አባዬ፣ ኳሱን ትቼ ዊቺታ ስቴት ብማርስ?" አለኝ። ዊቺታ ስቴት የወንዶች ቡድን የለውም። ለኪሳችን ግን የሚያዋጣን እሱ ነው። ብዕሩን አስቀምጬ ወጣሁ።

ስለዚህ ዘመዶቼ፣ ስትደውሉ ስለ ጤናችን ጠይቁን። ስኮላርሺፕ የምትሏትን አትጥሩብኝ። ዶጅ ሲቲ፣ ሊበራል፣ ጋርደን ሲቲ አካባቢ ሆናችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅ ይዛችሁ ወደ ዊቺታ የምትነዱ ካላችሁ ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። መኪናዬ ሰባት ሰው ይይዛል፣ ነዳጁን እንካፈላለን። እጁ የማይንቀጠቀጥ ቪዲዮ አንሺ ካላችሁም ይምጣ፣ ምሳው በኔ ነው።