ሳይታጠፍ ነው የሚያልፈው
እጃችሁ ይባረክ፣ ስለ ባክቴሪያ ፕሮቲኖች የጻፋችሁት ደስ የሚል ጽሑፍ ነው። «ባክቴሪያ ፕሮቲኑን አጣጥፎ ከጨረሰ በኋላ ወደ ውጭ ይልካል» ያላችሁት ግን ለአብዛኛው አይሠራም። ኢ. ኮላይ በሚባለው ባክቴሪያ ውስጥ፣ ወደ ውጭ ከሚላከው ብዙው ፕሮቲን ከሁለቱ ሽፋኖች ውስጠኛውን የሚያልፈው ሳይታጠፍ፣ ማለትም የመጨረሻ ቅርጹን ሳይይዝ ነው፤ ሴክ በሚባለው ጠባብ ቀዳዳ፣ ክር በመርፌ ዓይን እንደሚገባ። ሴክኤ የሚባለው ሞተር ፕሮቲን ኤቲፒ (የሴሉን ነዳጅ) እያቃጠለ ይገፋዋል። ታጥፎ ያለቀውን የሚያሳልፈው ታት የሚባለው መንገድ ነው፣ እሱም ለጥቂቶች።

ጉዱ ያለው ከዚያ ወዲያ ነው። በሁለቱ ሽፋኖች መሃል ኤቲፒ የለም! ታዲያ ማን ያጥፈው? እዚያ ያሉ ረዳት ፕሮቲኖች ናቸው። ዲኤስቢኤ ሁለት ሲስቴይኖችን (ሰልፈር ያላቸውን የፕሮቲኑን አሚኖ አሲዶች) በሰልፈር ድልድይ ያያይዛል፤ ከዚህ የሚወጡትን ኤሌክትሮኖች ዲኤስቢቢ ይረከባል። ሰርኤ ወደ ውጨኛው ሽፋን የሚሄዱትን ይዞ፣ ፕሮቲኖችን ውጨኛው ሽፋን ውስጥ ለሚተክለው ለባም ያስረክባል። የተበላሸውን ዴግፒ ይቆራርጠዋል፣ ምሕረት አያውቅም።

እዚህ አራት ኪሎ ላብራቶሪ ለምንውል ሰዎች ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። ድልድይ የሚፈልገውን ፕሮቲን ሳይቶፕላዝም (ከውስጠኛው ሽፋን ወዲህ ያለው የሴሉ ክፍል) ውስጥ አሠርታችሁ ሴሉን ስትሰብሩ፣ ከሴንትሪፉጅ በኋላ ቱቦው ግርጌ ብዙ ጊዜ በትክክል ሳይታጠፍ የተጓጎለ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለዚህ ነው ብዙዎቻችን ወደ ውጭ የሚያስልከውን የመለያ ምልክት ቀጥለንበት ወደ ፔሪፕላዝም (በሁለቱ ሽፋኖች መሃል ወዳለው ክፍል) የምንልከው። ሁሌ ይሳካል ማለት ግን አይደለም፤ ሴክ ሲጨናነቅ ሌላ ጣጣ ይመጣል። በሚቀጥለው ክፍል እሱን ብትነኩት?