ስለ ነቀዝ መድኃኒቱ
እዚህ የተለጠፈው ጽሑፍ «የነቀዝ መድኃኒት ሰው የሚገድለው አየር አሳጥቶ ነው» ይላል። እዚህ ላይ አልስማማም። አየሩ አለ፣ ሳንባም ይስባል፣ ደሙም ኦክስጅን ያደርሳል። ችግሩ ሴሉ ውስጥ ነው። እህል ውስጥ የሚገባው ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ማይቶኮንድሪያ (የሴሉ ኃይል ማመንጫ) ውስጥ ኦክስጅኑን የሚጠቀመውን ኢንዛይም ያውካል። ሴሉ ኦክስጅን እያለው ኃይል ማመንጨት ያቅተዋል፤ ልብ ደግሞ ቶሎ ይዝላል። እኛ ጅማ ደግሞ እርጥበት መቼ ጠፍቶ! ልጅ ሆኜ የበቆሎው ጆንያ የሚደረደረው መኝታ ቤታችን ጥግ ነበር፣ ክኒኑ በጨርቅ ተቋጥሮ መሃሉ ይገባል። አንድ ሌሊት ቤቱ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሲሸት እናቴ «በዚህ ሰዓት ማን ነው ቁሌት የጣደው?» አለች። ለካ የጋዙ ሽታ ነው። ጠዋት ሁላችንንም ራሳችንን አመመን፣ አስመለሰን። ደግነቱ ተረፍን፤ ከዚያ ወዲህ እህል ከጎተራ አልፎ ቤት ገብቶ አያውቅም። ከላይ በአስተያየትህ «ወተት ያረክሰዋል» ላልከው ወንድሜ፣ የተነፈስከውን ጋዝ ወተት ምን ያደርገዋል? ማርከሻ የሚባል መድኃኒትም የለውም። በሩን ከፍቶ መውጣት፣ ከዚያ በቀጥታ ሆስፒታል።