«በጥቂት ቦታዎች»

ክረምት በገባ ቁጥር ሳምንታዊውን የአየር ሁኔታ ትንበያ በሬዲዮ በጥሞና እከታተላለሁ፤ ሰምቼ ስጨርስ ግን ያወቅሁት አዲስ ነገር አይኖርም። በሰሜን ሸዋ በአብዛኛው ስፍራ መደበኛና ከመደበኛ በላይ የሆነ ዝናብ፣ በጥቂት ቦታዎችም በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል ይባላል። ለመሆኑ ሰሜን ሸዋ አንድ ቦታ ነውን? 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ደብረ ብርሃን በጉም ተሸፍና ስትንቀጠቀጥ፣ ጣርማበርን አልፎ ቁልቁል የወረደውን መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ላይ የቆላ ሙቀት ይቀበለዋል።

ይህ ለከተሜው የጃንጥላ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ለገበሬዎቹ ግን የዩሪያ ማዳበሪያ ጉዳይ ነው። ዩሪያ በተበተነ ማግስት ዶፍ ከወረደበት በጎርፍ ታጥቦ ይሄዳል፣ ጠብታ ካላገኘ ደግሞ ከመሬቱ ላይ ወደ አየር ይተናል፤ ስለዚህ ገበሬው ማወቅ የሚፈልገው ሳምንቱን ሳይሆን ቀኑን ነው። አምና ትንበያውን አምነን ረቡዕ ስንዴው ላይ በተንን፤ ሐሙስ ማታ የወረደው ዝናብ ከነአፈሩ ጠርጎ ወንዝ ከተተው። ለካ «ጥቂት ቦታዎች» የተባለው የእኛ ማሳ ኖሯል!

ተራራማ አገር ላይ ነጎድጓዳማ ዝናብን በትክክል መተንበይ እጅግ አስቸጋሪ መሆኑ አይጠፋኝም፤ አንዱ ቀበሌ ሲዘንብ ጎረቤቱ ፀሐይ ይሞቃል። ቢሆንም የትኛው ወረዳ፣ በየትኛው ቀን፣ ምን ያህል ያሰጋዋል ብሎ መናገር ይህን ያህል ይከብዳልን? ዘንድሮም ማዳበሪያው በኬሻ እንደታሰረ ተቀምጧል፤ ሬዲዮውም «በጥቂት ቦታዎች» ማለቱን ቀጥሏል።