ለክራክ ወዳጆች የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ አንድ ኮምፒውተር ቤት ጎራ አልኩ። ስሙን አልጠራም። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሦስት ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሠሩ ኮምፒውተሮች፣ ማስነሳት ፈልጌ ነው። ልጁ ወንበር ሳበልኝ፣ ጀበና ቡና አዘዘልኝ። ወሎ ነዋ! ከዚያ ከአንገቱ ላይ ፍላሹን አወለቀ። "አብሽር፣ ፉል ቨርዥን ነው። ክራኩም ውስጡ አለ።" ክራክ ማለት የሚከፈልበትን ሶፍትዌር ሳይከፍሉ የሚያስከፍት ቁልፍ ሰባሪ ነው።

ይህን ጥበብ ያላደነቀ ምን ያደንቃል? ከፍላሹ ጋር መመሪያ አለ። የመጀመሪያው መስመር "አንቲቫይረሱን አጥፉ" ይላል። ዘበኛውን አሰናብቶ እንግዳ መጠበቅ! እንግዳ መቀበል ማለት ይሄ ነው። ቀጥሎ "ኢንተርኔቱን ንቀሉ"፣ ቀጥሎ "ቀኑን ወደኋላ መልሱ"። ይሄኛው እንኳ አልከበደኝም። ከፈረንጅ 7 ዓመት፣ ሲልም 8 ዓመት ወደኋላ ለምንኖር ሰዎች ጥቂት ወር ምን አላት?

እኔ ሞኙ "ሊብቨርት አለ እኮ" አልኩት። ቨርቹዋል ማሽን ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው፤ በፈረንጅ 2005 የተጀመረ። ኮዱ ክፍት ነው። ሊኑክስ ላይ ቨርቹዋል ማሽን የሚያስነሱትን ኬቪኤምንም ዜንንም በአንድ ዓይነት ትዕዛዝ ያስተዳድራል። ማሽኑ ስንት ሜሞሪ፣ ስንት ፕሮሰሰር እንደሚይዝ ኤክስኤምኤል በሚባል የጽሑፍ ፋይል ትጽፍለታለህ፤ "ቪርሽ ስታርት" ብለህ ስሙን ስትጠራው ይነሳል። ፈቃዱ ቅዳ፣ ቀይር፣ ለጎረቤትም ስጥ ይላል።

"በነፃ?"

"በነፃ።"

ፊቱ ጠቆረ። "ነፃ ከሆነማ የሆነ ነገር አለው" አለኝ፣ ከማን እንደመጣ የማያውቀውን ፍላሽ በጣቱ እያገላበጠ። እውነቱን ነው። በፈቃድ የተሰጠ ነገር አይሰረቅ፣ ምን ጣዕም አለው?

ሞባይል ሊያሠራ የመጣ ደንበኛም አገዘው። "ዴስትሮይ የሚል ትዕዛዝ አለው አሉ። ሁሉንም ያወድማል!" ስሙ ያስፈራል፣ አልዋሽም። ግን ዴስትሮይ ማሽኑን ገመድ እንደመንቀል ድርግም ያደርገዋል እንጂ ዲስኩን አይነካም። ስታርት ካልከው ተመልሶ ይነሳል። ይህን ላስረዳ አፌን ስከፍት ቡናው ደረሰ። ቡና ፊት ክርክር ነውር ነው።

ክራኩ ተጫነ። ሲኒዬን ሳልጨርስ የዴስክቶፑ ፋይሎች ስማቸው ሁሉ ተቀየረ፤ በመሃል ቀይ መስኮት ብቅ ብሎ በዶላር ክፈሉ አለ። ደንበኛው ሞባይሉን ይዞ ወጣ።

ልጁ ቀና እንኳ አላለም። መሳቢያውን ከፍቶ ሌላ ፍላሽ መፈለግ ጀመረ።

"አብሽር፣ የዚህም ክራክ አለኝ።"