ራስን መግዛት አለመቻል ራሱ ሕመሙ ነው

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን የጤና ዝግጅት ላይ የቀረቡ ሐኪም፣ የዘር ፈሳሻቸውን ቶሎ ስለሚረጩ ወንዶች ተጠይቀው ችግሩ ያለው አእምሮ ውስጥ መሆኑን፣ ኪኒን የሚሻውም ራሱን መግዛት ያቃተው ወንድ መሆኑን ተናገሩ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው እንዲህ ሲፈርድ መስማት ያበሳጫል።

ራሱን መግዛት ያቃተው? ሕመሙ እኮ ይኸው ነው! ዓለም አቀፉ የወሲብ ሕክምና ማኅበር ዕድሜ ልክ የሚዘልቀውን የዚህን ሕመም ዓይነት ሲተረጉም ያስቀመጣቸው መለኪያዎች ሦስት ናቸው፦ ሁልጊዜ ወይም ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ግንኙነት ከተጀመረ በ1 ደቂቃ ገደማ ውስጥ መርጨት፣ ማዘግየት አለመቻል፣ በዚህም መጨነቅ። አስም ያለበትን ሰው በደንብ አልተነፈስህም ብሎ የሚወቅስ ሐኪም አለ?

«አእምሮ ውስጥ ነው» የሚለውም ቢሆን መድኃኒትን የሚያስቀር ምክንያት አይደለም። የዘር ፈሳሽ የሚረጭበትን ቅጽበት ከሚቆጣጠሩት አንዱ ሴሮቶኒን የተባለው የአንጎል ኬሚካል ነው። ሴሮቶኒንን ከፍ የሚያደርግ የድብርት መድኃኒት የሚወስዱ ወንዶች መርጨት እየዘገየባቸው ሲቸገሩ የታየውም ለዚህ ነው። ከድብርት መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ክሎሚፕራሚን ቶሎ ለሚረጩ ወንዶች እንደሚረዳ በ1973 እ.ኤ.አ. ተጻፈ፤ በ1994 እ.ኤ.አ. ሌላው የድብርት መድኃኒት ፓሮክሲቲን ተከተለ። ሰውየው ያው ነው፣ ሚስቱም ያቺው ናት፣ የተለወጠው ኬሚካሉ ብቻ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ ሰፊ ጥናትም፣ እስከ መርጨት ያለው ከ1 ደቂቃ በታች የነበረ አማካይ ጊዜ፣ ለዚሁ ሕመም በሚሰጠው ዳፖክሲቲን በተባለ መድኃኒት (60 ሚሊግራም) ከ3 ደቂቃ በላይ ደርሷል፤ ባዶ ኪኒን የተሰጣቸው ግን 2 ደቂቃ እንኳ አልሞሉም። የሁሉም ጣጣ ፍርሃትና የፈቃድ ማነስ ቢሆን ኖሮ ይህ ልዩነት ከየት ይመጣ ነበር?

ምክር አይጠቅምም አላልኩም፤ ከመድኃኒት ጋር ሲሰጥ ይበልጥ ይረዳል። መድኃኒቶቹም ማቅለሽለሽና ማዞር ያመጣሉ፤ በየቀኑ የሚወሰዱትንም በድንገት ማቋረጥ አይገባም። ግን ይህን ለታካሚው የማስረዳት ኃላፊነት የማን ነው? የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2005 እ.ኤ.አ. ዳፖክሲቲንን አላጸድቅም ብሏል፤ ፊንላንድና ስዊድን በ2009 እ.ኤ.አ. ፈቅደዋል። ዳፖክሲቲን በሌለበትም የድብርት መድኃኒቶቹ ሰርትራሊንና ፓሮክሲቲን አሉ፤ የሚያደነዝዝ የሊዶኬይን ቅባትም አለ። ሐኪሙ የሚያዝዘው አላጣም።

ተወቅሶ የተመለሰው ወንድ ግን ችግሩን ይዞ አይቀመጥም። የብልት መቆም ኪኒን ይገዛል፤ እርሱ ደግሞ የሚያግዘው መቆምን እንጂ መርጨትን አይደለም። ወይም ትራማዶል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ይጀምራል፤ ሱስ ውስጥ የሚከት መድኃኒት መሆኑን የሚነግረው ሳይኖር። ሌላ ምን መድኃኒት ትወስዳለህ ብሎ የሚጠይቀውም አያገኝም፤ መጠየቅ የነበረበት ሐኪም አስቀድሞ አሳፍሮ ሸኝቶታልና።