የጉልበታችን ኮላጅንና የኮምቦልቻ ቆዳ

እናቴ የምትሰግደው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። ጉልበቷ አልታጠፍ ካለ ሁለት ዓመት አለፈው፤ ሰፈራችን ያለችው የደሴ ዳገት ደግሞ እንኳን ለእሷ ለኔም አትመችም። በቀደም አንዲት ጎረቤት «ፍቱን ነው» ብላ የኮላጅን ዱቄት ሸጠችላት፤ ኮላጅን ቆዳንና መገጣጠሚያን አጥብቆ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። እናቴ ጣሳውን እያገላበጠች «ቆይ፣ ይሄ በየት አድርጎ ነው ጉልበቴ የሚደርሰው?» አለችኝ።

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የሚጠጣ ኮላጅን ሆድ ውስጥ እንደ ሥጋው ሁሉ ተፈጭቶ፣ ተሰባብሮ ነው ወደ ደም የሚገባው። ሄዶ ያለቀ ቦታ ላይ አይለጠፍም።

ያ ያለቀው ነገር ምን እንደሆነ ማየት የፈለገ የበግ እግር መገጣጠሚያው ላይ ሲለያይ ልብ ይበል። አጥንቱ ጫፍ ላይ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጣት የሚያንሸራትት ሽፋን አለ። ካርቲሌጅ እሱ ነው። ሰው ጉልበት ላይ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊሜትር ቢሆን ነው። አብዛኛው ውሃ ነው። ውሃውን የሚስቡት ሞለኪውሎች ሊያብጡ ሲሉ የኮላጅን መረብ ጠፍሮ ይይዛቸዋል፣ ሸክም የሚችለውም በዚህ ግፊት ነው። የመረቡ ክሮች ከላይ ተኝተው፣ ከታች ወደ አጥንቱ ቆመው ነው የተሠሩት። ደም ስር ስለሌለው ደግሞ አንዴ ከተጎዳ ራሱን አይጠግንም ማለት ይቻላል።

በ1994 (እ.ኤ.አ.) የስዊድን ሐኪሞች ከታካሚው የካርቲሌጅ ሴሎች ወስደው፣ አባዝተው፣ መልሰው ጉልበት ውስጥ በመትከል 23 ሰው ማከማቸውን ጻፉ። ችግሩ፣ ሴሎቹ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ሲባዙ ሙያቸውን ይረሳሉ፤ የካርቲሌጁን ሁለተኛ ዓይነት ኮላጅን ትተው የቆዳና የአጥንቱን አንደኛ ዓይነት መሥራት ይጀምራሉ። ተመቻችቶ የሚይዛቸው አልጋ ያስፈልጋቸዋል፣ ብዙ ጊዜ አልጋው ራሱ ኮላጅን ነው። አሜሪካ በ2016 (እ.ኤ.አ.) የፈቀደችው ሕክምና የታካሚውን ሴሎች በስስ የኮላጅን ጨርቅ ላይ አድርጎ ይተክላል። እንደ እናቴ ሙሉ ለሙሉ ላለቀ ጉልበት ሳይሆን፣ በጉዳት ለተቦረቦረ ቦታ ነው።

ጨርቁ ግን ከአሳማ ነው። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሳማ አይበላም። ሼሁም ቄሱም «ለሕክምና ከሆነ ይሁን» ቢሉ እንኳ፣ ስንቱ ነው ልቡ ደስ ብሎት የሚቀበለው?

እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። የበሬም የበግም ቆዳ ውሃው ሲወጣ አብዛኛው ኮላጅን ነው። ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋምም እዚያው ነው። ቆዳና ሌጦ ክሮም (የማልፊያው ኬሚካል) ሳይነካው በፊት ከሚቆረጠው ትርፍራፊ ኮላጅን ማውጣት ይቻላል፤ ቀዝቃዛ አሲቲክ አሲድ፣ ፔፕሲን የሚባለው ኢንዛይም፣ ማቀዝቀዣና ትዕግሥት ይፈልጋል። ሰው ሰውነት ውስጥ እስኪገባ ረጅም የማጣራትና የመፈተሽ መንገድ አለው፣ አውቃለሁ። ግን አንድ የላብራቶሪ ጠረጴዛ፣ ሁለት ተመራቂ ተማሪና ከፋብሪካው አንድ ጆንያ ቁራጭ ለመጀመር ይበቃል። ዘንድሮ ይጀመር።

ለእናቴ ነገሩን አስረዳኋት። ለእሷ እንደማይደርስም አልደበቅኋት። «አብሽር» አለችኝ፣ «የበሬ ከሆነ ለልጆቻችሁ ይሁን።» ጣሳውን መደርደሪያው ላይ መለሰችው።